የትናንት ውሃ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በቀጣዩም ዓመት ቀረ። ወንዙ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቆይቶ ድንጋዩን አሳየ፤ መጨረሻ ላይ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገረው የአሸዋ መንገድ ሆነ። መብራት በፈረቃ ተደረገ፤ ከዚያ ፈረቃውም ተረሳ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘጋ። የሳሙና ፋብሪካው ተከተለው። ሰው ወርቁን ሸጠ፤ አልጋውን ሸጠ፤ የጓዳ በሩን ነቅሎ የሸጠም ነበር።

ውሃ የማያልፍበት ቆጣሪ አይበላሽም። ስለዚህ ከገበያው ጀርባ የነበረው የቆጣሪ መጠገኛ ሥራ ፈታ።

መጠገኛው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ቆጣሪዎች፣ ማርሽ የሚታጠብበት የላምባ ሳህን። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተሰናበቱና ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው የጠገነውን ደጋግሞ ሳይፈትን ከእጁ የማያወጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከተማው “አባ ልክ” ይለዋል። ሁለተኛው በሩን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ ማፏጨትና መቀለድ የማይታክተው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ “ቀጭኔው” ይሉታል።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ መጣ። አልተቀመጠም።

“ያለኝ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ማን እንደሚቀር እናንተው ተነጋገሩ። እኔ መምረጥ አልችልም” አለና ወጣ።

በዚያ ሰሞን አባ ልክ ሴት ልጅ ተወልዳለት ነበር። ሚስቱ ከወለደች በኋላ ታማ ከአልጋ አልወረደችም። ቀጭኔው ሚስት እንጂ ልጅ የለውም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም። አባ ልክ ሁለት ክብሪት አወጣ። አንዱን ሰበረና ለዕጣ እንዲሆን ጀርባውን አዙሮ በጣቶቹ መሀል አስተካከላቸው። ሲዞር ቀጭኔው ኮቱን እየለበሰ ነው።

“ወዴት ነው?”

“ክብሪቱን መልሰው። ተወዷል።”

“ዕጣው ሳይወጣ?”

“አንገቴን አሞኛል። በዚህ ቤት ስንት ዘመን ጎንበስ ልበል? ጣሪያ የሌለው ሥራ ፈልጌያለሁ።”

“አትቀልድ እንጂ!”

“ቀልዴ የራሴ ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ። መበየጃዬን ግን ትቼልሃለሁ።”

“ይህን አንድ ቀን እከፍልሃለሁ። ቃሌ ነው።”

“በምን? በክብሪት?”

እየሳቀ ወጣ። ኮረብታው ላይ ባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጥበቃ ተቀጠረ። ደመወዙ የመጠገኛውን ግማሽ አይሞላም። ማጠራቀሚያው ያኔ ደርቆ ነበር። “ከዚህ የሚሻል ሥራ የት አለ? ባዶ ነገር ማን ይሰርቃል?” እያለ ለጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር።

አባ ልክ በዚያ ደመወዝ ሚስቱን አሳከመ፤ ልጁን አሳደገ። ሚስቱ ያን ጊዜ ዳነች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በሌላ ሕመም የሞተችው። ግን ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ይታየዋል።

ዝናቡ ተመለሰ። ወንዙ ሞላ። ሥራውም በዛ፤ ባለቤቱ ሲሞት መጠገኛው ወደ አባ ልክ ዞረ። ያን ዕለት ወደ ኮረብታው ወጣና “ና ተመለስ፤ ቦታህ አለ” አለው።

“አሁንማ ኮረብታው ለመደኝ። እኔ ከወረድኩ ነፋሱን ማን ያዳምጠዋል?”

“ታዲያ የኔን ነገር በምን እንጨርሰው?”

“የምን ነገር?”

እንዲህ ነበር ቀጭኔው። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ወደ ሳቅ ይመልሰዋል። አበዳሪው የማይጠይቀው ዕዳ ወለዱ ብዙ ነው። አባ ልክ ዕድሜውን ሙሉ ያን ወለድ ሲከፍል ኖረ፤ ዋናው ግን አልተነካም።

ያ ዘመን አሁን ሲያስበው ጥሩ ዘመን ነበር። ጠዋት ጠዋት መፈተኛው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል የቤቱ ድምፅ እሱ ነበር። ቆጣሪው ልክ ሲሆን በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ጫፍ ላይ የእርሳስ ማኅተም ይደረጋል፤ አባ ልክ ምልክቱ የተቀረጸበትን ፒንሳ ያነሳና በእሱ ይነክሰዋል። ማኅተሙ ላይ የእሱ ምልክት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ተከራካሪ የለም። ሁለት ጎረቤቶች በውሃ ሂሳብ ሲጣሉ ማኅተሙን አይተው ይታረቁ ነበር። አንዲት ባልቴት “ከባሌ ቃል የአባ ልክ እርሳስ ይሻለኛል” ብላ መንደሩን አስቃለች።

ልጅቱ ያደገችው እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። የተጣሉ ማርሾች መጫወቻዎቿ ነበሩ። ተማረች፤ ሩቅ ሄዳ ተማረች፤ ተመልሳ ግን የመጣችው እዚያው ቆርቆሮ ቤት ነው። ቆጣሪ አልጠገነችም። የላምባውን ሳህን ገፋ አድርጋ የራሷን ዕቃ ዘረጋች፤ ሴንሰር መሥራት ጀመረች።

መጀመሪያ የሠራችው ጡጫ የሚያህል ነገር ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ከጣሪያው ላይ ይንጠለጠላል። ወደ ውሃው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቶሎ ከተመለሰ ውሃው ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ወርዷል። ያወቀውን በየሩብ ሰዓቱ በኔትወርክ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ይናገራል። ሰው መሰላል መውጣቱ ቀረ።

አባ ልክ መሣሪያውን ወደደው። እያዞረ አይቶት ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

“ሲበላሽ በየት ነው የሚከፈተው?”

“አይከፈትም፣ አባዬ። የተዘጋ መሆኑ ነው ጥሩነቱ።”

“በክፉው ዘመን ከውጭ የመጡ የታሸጉ ቆጣሪዎች ነበሩ። መክፈቻ የላቸውም። አንዲት ማርሽ ስትሰበር ሙሉው ይጣላል። ክምሩን አይቻለሁ። የጠጋኝ በር የሌለው መሣሪያ መቃብር ነው።”

በአሮጌዎቹ ቆጣሪዎች ከማኅተሙ ጀርባ አንዲት የተደበቀች ብሎን ነበረች። የመጠገኛው ሰዎች ብቻ ያውቋታል። አባ ልክ የሚለው እሷን ነው።

“ለጠጋኝ የተከፈተ በር ለሌባም ይከፈታል” አለች ልጁ።

“ሌባ የኛን በር ከየት ያውቃል?”

ልጅቱ ቸኩላ ነበር። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ለሙከራ የሚሆኑ ጥቂት ሴንሰሮችን አዟል፤ ከሠሩ የከተማውን ማጠራቀሚያ በሙሉ ለእሷ ሊሰጥ። መሣሪያውን የሚሰቅሉት የመሥሪያ ቤቱ ገጣጣሚዎችም ባዶ ታንከር ላይ ሲሠሩ መስመሩን የሚፈትኑበት መላ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በር ሠራች። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ከስልኩ ወደ ሴንሰሩ ይገባል፤ ከፈለገ ያለፈ አንድ ቀን መርጦ፣ ሴንሰሩ ያን ቀን እንደ አዲስ እንዲናገር ያደርገዋል። ለሙከራ ብቻ ነው። ለሁሉም ሴንሰር አንድ ቃል ሆነ፤ ለማስታወስ እንዲቀል።

“ቃሉ ምን ይሁን?” አለችው።

“ቀጭኔ” አለ አባ ልክ፣ ሳያስብ።

ተሳሳቁ። ለእሱ ያ ቃል የቤቱ ፉጨት፣ የላምባው ሽታ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ነበር። ገጣጣሚዎቹ ሊወስዱ ሲመጡ በደስታ ነገራቸው። ከነምክንያቱ ነገራቸው።

ካፍ የወጣ አፋፍ።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የተሰቀለው ኮረብታው ላይ ነው። መሰላሉን የያዘው ራሱ ቀጭኔው ነበር። “እንግዲህ እኔም ጡረታ ሊያወጡኝ ነው፤ ተተኪዬን በገዛ እጄ ሰቀልኩት” አለ። ልጅቱ “ጋሼ፣ እርስዎን የሚተካ አልሠራሁም” ብትለው “ብትሠሪም አንገቱ አይበቃም” አላት።

በሚቀጥለው ዓመት ደረቅ ወራት የቀጭኔው ሚስት ወደ መጠገኛው መጣች። ከደጃፉ ቆመች። ስትሮጥ የመጣች ይመስል ትተነፍሳለች።

“ሌባ አሉት” አለች።

“ማንን?”

“የኔን ሰውዬ። ውሃ ሸጠ አሉት። ከሥራ አግደውታል፤ ሰኞ አቅርበው ሊያባርሩት ነው። ከዚያም ክስ አለ ይላሉ። እኔ ምኑን አውቄ፤ እርስዎ ይምጡልኝ።”

ሁለቱ አባትና ልጅ ወደ ኮረብታው ወጡ። ቀጭኔው ከጥበቃ ክፍሉ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የደንብ ልብሱን አስመልሰውታል። በሸሚዝ ብቻ ሲታይ አርጅቷል።

“ና፣ አባ ልክ። ተቀመጥ። ከሌባ ጋር መቀመጥ ካልከበደህ።”

“ምን ሆነ? ከሥሩ ንገረኝ።”

“ከሥሩ? ከሥሩማ ውሃ አልነበረም።” ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። “ታንከሩን በእጄ ስመታው ባዶ ይላል። የሞላ ታንከርና የባዶ ታንከር ድምፁ ይለያል፤ እኔ ከሱ ጋር ነው ያረጀሁት። ደወልኩ። ‘ውሃ የለም’ አልኩ። መሥሪያ ቤት ስልክ የሚያነሳው ልጅ ስክሪኑን አየና ‘ጋሼ፣ ሙሉ ነው፤ አረንጓዴ ነው’ አለኝ። በማግስቱ ደወልኩ። አረንጓዴ ነው። ‘እንግዲያው ና አረንጓዴውን ጠጣው’ አልኩት፤ ስልኩን ዘጋብኝ።”

“ከዚያስ?”

“ታች ያለው ሰፈር ጮኸ። ባልዲ ይዘው መሥሪያ ቤቱን ከበቡት። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ፤ ክዳኑን ከፈቱ፤ ባዶ። ‘መሣሪያው እስከ ዛሬ ጠዋት ሙሉ ነበር ብሏል። ዛሬ ማን ለቀቀው? እዚህ ካንተ ሌላ ማን አለ?’ አሉኝ። ምን ልበል? መሣሪያ አይዋሽም፤ ሰው ነው የሚዋሸው።”

“እውነትና ንጋት…” ብሎ አባ ልክ ጀመረ።

“እያደር ይጠራል። አውቃለሁ። ጡረታዬ ደርሷል፤ ስንት ልደር?”

ልጅቱ ጠጋ አለች። “ጋሼ፣ ከዚህ ማጠራቀሚያ ሌላ መውጫ አለ?” አለች።

“ከኋላ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ድሮ ታንከሩ ሲታጠብ ደለሉ የሚወጣበት ቧንቧ አለ። ከታችኛው መንገድ ላይ ነው የሚወጣው። ቁልፉ እኔ ጋ የለም። ቦቴዎች እዚያ ሲቆሙ ሰምቻለሁ፤ እሱንም ነግሬያቸዋለሁ። የሌባ ወሬ ማን ይሰማል?”

አባ ልክ ወደ ከተማው አየ። ከዚያ ላይ የመጠገኛው ቆርቆሮ ይታያል። አብረው የሠሩበት ዘመን ቀጭኔው በዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀዳዳ ሲደፍን ያፏጭ ነበር፤ ገበያተኛው ቆሞ ያዳምጠዋል። ዛሬ አላፏጨም። ሚስቱ ከክፍሉ ውስጥ ዕቃ ታስራለች። ክፍሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው።

ወደ መጠገኛው ተመለሱ። ልጅቱ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከኮረብታው የመጣው ወሬ ሁሉ በእሷም ዘንድ ተቀምጧል፤ የውሃው ከፍታ አንድ መስመር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

“ይሄውና” አለች። “እዚህ ጋ፣ ሰኞ፣ መስመሩ ጎድጎድ አለ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል። ውሃው ወረደ፤ ሲመጣ ተመለሰ።”

“ጥርስ ይመስላል።”

“አዎ፣ የወለቀ ጥርስ። አሁን ማክሰኞን እይ።”

ማክሰኞም ያው ጥርስ ነበረው። እዚያው ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ያህል። ረቡዕም። ሐሙስም። ልጅቱ ቀኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበቻቸው። አንድ መስመር ሆኑ።

“ማክሰኞ መብራት አልጠፋም፣ አባዬ። እዚሁ ስንሠራ ውለናል። ይሄ ማክሰኞ አይደለም። ሰኞ ነው። ሴንሰሩ የሚያወራው ስለ ሰኞ ውሃ ነው፤ ደጋግሞ።”

“በኛ በር ገብተው?”

“በኛ በር ገብተው። በሰጠሃቸው ቃል።”

አባ ልክ ተቀመጠ። ለአንድ አፍታ ያለፈ ቀን ተመልሶ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያስደስት አሰበ፤ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ተመኝቶታል። ቀጥሎ ግን ታች ሰፈር ያሉት ባልዲዎች ታሰቡት። ትናንት መልካም ነው፤ የሚጠጣ ግን የለውም።

“ማን ነው ያደረገው?” አለ።

“ከገጣጣሚዎቹ አንዱ ለቦቴ ባለቤት ቢነግረው ነው። እሱን ፖሊስ ይፈልገው። የኛ ጉዳይ ሌላ ነው።”

የእነሱን ጉዳይ ሁለቱም ያውቁታል። የትልቁ ትእዛዝ ውል በሚቀጥለው ሳምንት ሊፈረም ነው። ልጅቱ ያን ቃል ከዚሁ ሆና ከሁሉም ሴንሰር ላይ ልታጠፋው ትችላለች። በሩን ትደፍነዋለች፤ ማንም አያውቅም። ውሉ ይፈረማል። ቀጭኔው ብቻ ሌባ እንደተባለ ከኮረብታው ይወርዳል። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ በአንዲት ቃል የሚከፈት መሣሪያ የሚገዛ የለም።

አባ ልክ መጥረጊያ አንስቶ የተጠረገ ወለል መጥረግ ጀመረ።

“አባዬ፣ መጥረጊያውን አስቀምጥ። ተናገር።”

“ምን ልናገር? ዕዳው የኔ ነው። ድካሙ ግን ያንቺ ነው። ያንቺን ላብ ሸጬ የኔን ዕዳ አልከፍልም። እዚህ ጋ አፌ ተያዘ።”

ልጅቱ ከጠረጴዛው አንድ ሴንሰር አነሳችና በመዳፏ ያዘችው።

“ዕዳው ያንተ ነው፤ እሺ። መሣሪያው ግን የኔ ነው። ጋሼ ላይ ማን መሰከረ? ይሄ ነው የመሰከረው። የኔ ሥራ ሰው ላይ በሐሰት መስክሮ እኔ ውል ልፈርም? እንዴት አድርጌ ነው ሁለተኛውን የምሠራው?”

“ትእዛዙ ይሄዳል።”

“ይሂድ። ደግሞ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው፣ አባዬ፤ ዛሬ አንድ ታንከር፣ ነገ ሆስፒታል።”

“እንግዲያው አንቺ አትናገሪም” አለ አባ ልክ። “ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የምናገረው እኔ ነኝ።”

ሰኞ ጠዋት ውሃ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ በአንዱ ጫፍ ዋና መሐንዲሱ፣ በሌላው ጫፍ ቀጭኔው። ቀጭኔው ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ያጥረዋል። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። የክሱን ቃል ሲያነብ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር።

“አባት፣ እርስዎ በመምጣትዎ ደስ ብሎኛል” አለው አባ ልክን። “እኔ በልጅነቴ አባቴ ‘የአባ ልክ ማኅተም ያለበትን አትከራከር’ ሲል ነው ያደግኩት። ይሄ መሣሪያ ከእርስዎ ቤት የወጣ ነው። እሱ ሙሉ ነው ካለ፣ ሙሉ ነበር ማለት ነው። አዝናለሁ፤ ግን ሌላ ምን እላለሁ?”

አባ ልክ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ዕድሜውን ሙሉ በእርሳስ ላይ ሲነክሰው የኖረው ስም ይኸው መጥቶ ወዳጁን አንቆ ይዞታል።

“ልጄ፣ ባልዲውን አምጪ” አለ።

ልጅቱ ባልዲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴንሰር ከላዩ አጋደመች። የአዳራሹ ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት ወጣ፦ ባዶ።

“ባዶ ነው አይደል?” አለ አባ ልክ።

“ባዶ ነው።”

አባ ልክ ስልኩን ተቀበለ። መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየለቀመ ቃሉን ጻፈ። አዳራሹ ጠበቀው። ከዚያ ልጁ የነገረችውን ያለፈ ቀን መርጦ ነካ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፦ ሙሉ።

መሐንዲሱ ተነሳ። ባልዲው ውስጥ አየ። አልበቃውም፤ እጁን አስገባ።

“ደረቅ ነው” አለ፣ ሌላው የማያውቅ ይመስል።

“ይህን ቃል ለገጣጣሚዎቻችሁ የነገርኳቸው እኔ ነኝ” አለ አባ ልክ። “በሩ ይሠራ ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጄ ከልክላኝ ነበር። ያ ሰውዬ ደውሎ ‘ውሃ የለም’ ሲል ልክ ነበር። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።”

ከአባ ልክ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ልጅቱ ደራርባ ያመጣቻቸውን ቀኖች ዘረጋች። የሰኞን ጥርስ አሳየች። መሐንዲሱ ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳ።

“ባትነግሩን ማን ያውቅ ነበር?” አለ በመጨረሻ።

“የሚሰርቁት ያውቁ ነበር” አለች ልጅቱ።

“ውሉን አልፈርምም። ይገባሻል አይደል?”

“ይገባኛል። ግን እንደገና ስሠራው እንዲህ አድርጌ እመጣለሁ። እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል፤ ከውስጡ የሚወለድ፤ እኔም የማላውቀው። ሽፋኑን የነካካው ካለ ቁልፉን ይረሳና ዝም ይላል። ጠጋኝ ከፈለገ ከፍቶ ይጠግነው፤ ግን እንደ አዲስ ሳይመዘገብ አይታመንም። የሚልከው ወሬ ሁሉ ተራ ቁጥር አለው፤ ያለፈ ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ አይሰማም። ትናንት ዛሬ ነኝ ብሎ አይገባም። ደግሞ ብቻውን አይመሰክርም። መውጫው ቧንቧ ላይ ሌላ ይኖራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሰው ወጥቶ እስኪያይ ድረስ ሁለቱም አይታመኑም።”

“ማን ነው ወጥቶ የሚያየው?”

“እዚያው ያለው ሰው። መጀመሪያውንም ደውሎ ነበር።”

መሐንዲሱ ወደ ቀጭኔው ዞረ። የክሱን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። “ጋሼ፣ የደንብ ልብስዎን ዛሬውኑ ይውሰዱ። ስህተቱ የኛ ነው። ታች ሰፈር ድረስ ሄጄ በሰው ፊት እናገረዋለሁ” አለ።

“እጅጌውን ካስረዘማችሁልኝ” አለ ቀጭኔው።

ወጡ። ከግቢው በር ውጪ መንገዱ ፀሐይ ነበር። ልጅቱ ባልዲውን ይዛ ወደፊት ሄደች፤ ቆየት ብላ ሁለቱ እንዳልተከተሏት አየችና ቆመች።

ቀጭኔው ግድግዳውን ተደግፏል። ሲቀልድ የወጣበት በር ገና አልተዘጋም፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

“ስምህን አበላሸህ” አለ።

“አበላሸሁ።”

“ነገ ገበያው በሙሉ ያወራዋል። ‘አባ ልክም ልክ አይደለም’ ይላሉ። ቆጣሪ የሚያመጣልህ መኖሩን እንጃ።”

“እንጃ።”

“ልጅቱም ትልቁን ሥራ አጣች።”

“እሷ ፈቅዳ ነው። ጠይቄያት አይደለም።”

ቀጭኔው መንገዱን አየ። መኪና አለፈ። አንዲት ሴት ጄሪካን ይዛ አለፈች። አባ ልክ ነገሩ እንደ ወትሮው ወደ ሳቅ እስኪዞር ጠበቀ። አልዞረም።

“ይሄ ስለዚያ ነው? ስለዚያ ጠዋት?” አለ ቀጭኔው።

“ስለዚያ ነው።”

“እኔኮ ያን ቀን ቀላል ነገር ያደረግኩ አስመስዬ ነው የወጣሁት። ቀላል አልነበረም። መንገድ ላይ ሁለቴ ልመለስ ብዬ ቆሜያለሁ። ለሚስቴም ለመናገር አፍሬ ስዞር ውያለሁ። በሳቅኩ ቁጥር አንተ የምትረሳው መስሎኝ ነበር።”

“አልረሳሁትም።”

“አየሁ።”

ቀጭኔው ከግድግዳው ተነሳ። ልጅቱን ጠራት። “የኔ ልጅ፣ ነይ፤ ምስክር ሁኚ” አለ። ስትደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደ ድሮው ረዘመ። ቀኝ እጁን ለአባ ልክ ዘረጋ።

“ተቀብያለሁ” አለ። “ሙሉ ነው። ከዛሬ ወዲያ ከአንተ የምፈልገው የለም።”

አባ ልክ እጁን ጨበጠ።